ያልታሰረው እግር

በሜጫና በጅባት ምድር፣ ከሆለታ ገነት ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በግንጪና በአምቦ አልፎ እስከ ጉደርና እስከ ጌዶ በሚዘልቀው ደጋና ወይና ደጋ፣ የአንድ ገበሬን ቤትና ደጅ ዞሮ የተመለከተ ሰው፣ በሚስማር ከተመታው ይልቅ በጠፍር የታሰረው ዕቃ እጅግ የበዛ መሆኑን ያያል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያገናኘው ምራን ጠፍር ነው፤ ባለቤቱ ሌሊት ጎኑን የሚያሳርፍበት አልጋ በጠፍር የተወጠረ ነው፤ እናት ልጇን የምታዝልበት አንቀልባ፣ አህያው የሚጫንበት መጫኛ፣ የፈረሱ ኮርቻና ልጓም፣ በአድባራቱም ውስጥ ለማኅሌት የሚመታው ከበሮ ሳይቀር፣ ሁሉም በቆዳ ማሰሪያ ተጠፍሮ የቆመ ነው።

የዚህም ጠፍር አወጣጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የበሬው ቆዳ በችካል ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ፣ ጠፋሪው ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን በስለት እየተከተለ ወደ መካከል ሲዘልቅ፣ ከአንድ ቆዳ ሳይበጠስ ብዙ ክንድ የሚረዝም አንድ ወጥ ማሰሪያ ያወጣል፤ ይህንንም ውኃ አጥጥቶ፣ ቅቤ ወይም ሞራ አሽቶ ካለዘበው በኋላ ወደ ሥራው ያገባዋል። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ፣ ስለዚህም በእርጥቡ ከመጠን በላይ ያጠበቁት እንጨቱን እንደሚያጣምም፣ በደረቁ ያሰሩት ደግሞ ዝናም ሲነካው እንደሚላላ፣ ስበቱ ከአንዱ ጎን ቢበዛ አልጋው እንደሚጎረብጥና የተኛበትን ሰው ጎን እንደሚያሳምም፣ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ከአባቱ እጅ አይቶ ያውቀዋል። እንግዲህ የታሪክ ተመልካች ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ በማሰርና በመጠፈር ይህን ያህል የተራቀቀ ሕዝብ፣ ከዕቃው ሁሉ አብልጦ የሚሠራበትን እግሩን ብቻ ሳያስር ስለ ምን ብዙ ዘመን ኖረ?

ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ ድኽነት ነው። ነገር ግን ድኽነት ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም፤ በከብት የበለጸገው፣ በየዓመቱ ብዙ ሰንጋ የሚያርደውና ቆዳውን ለአልጋና ለምንጣፍ የሚያውለው ባላባትም ቢሆን በባዶ እግሩ ሲሄድ ኖሯልና። ቆዳው በቤቱ ነበረ፤ ጠፍሩም በእጁ ነበረ፤ ቢፈልግ ኖሮ ጫማ ለማሰፋት የሚያግደው የዋጋ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ምክንያቱን ከኪሱ ይልቅ በኑሮው ሥርዐት ውስጥ መፈለግ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የእምነት ሥርዐት ነው። ሙሴ በኮሬብ ተራራ በሚነደው ቍጥቋጦ ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ ከታዘዘበት ጊዜ ጀምሮ፣ የተቀደሰ ቦታ በባዶ እግር የሚረገጥ ሆኖ ኖሯል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሁሉ ጫማ ቢኖረው በደጀ ሰላሙ ያወልቃል፤ በበዓልና በሱባኤ ወራት አብዛኛውን ጊዜውን በቅጽሩ ውስጥ የሚያሳልፍ ምእመን ለጫማ ብዙ አገልግሎት አያገኝለትም ነበር። ሆኖም ይኸው መጽሐፍ ጫማን ያቃለለ አይደለም። እስራኤል ከግብፅ በወጡባት ሌሊት ፋሲካቸውን የበሉት ጫማቸውን ተጫምተው፣ በትራቸውን ይዘው ነው፤ ጴጥሮስንም ከወኅኒ ያወጣው መልአክ ወገቡን ታጥቆ ጫማውን እንዲያደርግ አዝዞታል፤ መጥምቁ ዮሐንስም ትሕትናውን ሲገልጽ ያነሣው የጌታውን የጫማ ጠፍር መፍታትን ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ በቆመበት ለሚጸልይ ማውለቅ ሥርዐት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለመንገድ ለሚነሣ ደግሞ ማሰር ሥርዐት መሆኑን ነው። የኛ አባቶች የፊተኛውን አጥብቀው ይዘው የኋለኛውን ለምን እንደ ተዉት ለማወቅ፣ ከቅጽሩ ወጥተን ወደ ፈረሱ መሄድ አለብን።

የሜጫና የጅባት ሰው ፈረሰኛ ነው። የአምቦና የጉደር አካባቢ ፈረስ ዛሬም ቢሆን በበዓል ቀን ሲሸለም ማየት ለዓይን ደስታ ነው፤ በቀድሞው ዘመን ግን የክብርም የጦርም ዋና መሣሪያ ነበረ። ያን ጊዜ በብዙው የሀገራችን ክፍል የሚሠራበት ርካብ ደግሞ እንደ ዛሬው የእግርን መዳፍ ሁሉ የሚያስገባ ሰፊ ብረት ሳይሆን፣ ትንሽ ቀለበት ሆኖ፣ ፈረሰኛው በአውራ ጣቱ ብቻ የሚቆነጥጠው ነበረ። ይህ ነገር ለባዕድ ሰው እንደ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ልምዱ ላለው ግን ትልቅ ጥቅም ነበረው። ፈረሰኛው ቢወድቅ ጣቱ ወዲያው ከቀለበቱ ስለሚወጣ ፈረሱ አይጎትተውም፤ ጦር ወርውሮ ሲመለስም በአንድ ጣት ብቻ ክብደቱን ያመዛዝናል። እንግዲህ በዚህ ርካብ የሚቀመጥ ሰው ጫማ ቢያደርግ እንኳ ፈረስ ላይ ሲወጣ ማውለቁ ግድ ነው። ባላባቱ በፈረስ የሚሄድ፣ አሽከሩም ጌታውን የሚመስል ከሆነ፣ ጫማ ከየት ይጀምራል? ሰፊው ርካብ እየተለመደ የመጣው ከቆዳ ጫማና ከገምባሌ ጋር አብሮ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ሌላውን እንደ ሳበው መለየት ያስቸግራል፤ ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው ባልገባ ነበር የሚለውን ፍርድ ለመስጠት አልፈራም።

ሦስተኛው ነገር መሬቱ ነው። የግንጪን ሜዳ በክረምት የረገጠ ሰው፣ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ምን እንደሚያደርግ አይዘነጋውም፤ በበጋ እየተሰነጠቀ እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ የሚሆነው አፈር፣ ሐምሌ ሲገባ እግርን እስከ ቅልጥም ይውጣል፤ በሚገባ ያልታሰረን ጫማ ከእግር ላይ ነጥቆ ያስቀራል። በዚያ ጭቃ ውስጥ ባዶ እግር ከላላ ጫማ በእጅጉ ይሻላል፤ ጣቶቹ ተዘርግተው መሬቱን ይቆነጥጣሉና። ገበያተኛው ጫማ ካገኘ በኋላም ቢሆን ይህን አልረሳም፤ በክረምት ጫማውን በበትሩ ጫፍ አንጠልጥሎ ወይም በብብቱ ይዞ ይሄድና፣ ከተማው ዳር ሲደርስ በወንዝ ውኃ ታጥቦ ያደርገዋል። የአምቦ ከተማን አቋርጦ የሚሄደው የሁሉቃ ወንዝ ለስንት ገበያተኛ እግር ማጠቢያ እንደ ሆነ የሚቈጥር የለም።

የቀረው ምክንያት መናገሩ የሚያሳፍር ነው። ቆዳ የሚፍቀውና የሚያለፋው ሰው፣ ዕቃው በሁሉ ቤት እያለ፣ ራሱ ግን የተናቀ ነበረ፤ ፋቂ ተብሎ ይሰደባል፣ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፣ በጋብቻም ይገለላል። ምራኑንና አልጋውን ገበሬው ራሱ ስለሚጠፍረው በዚያ ያለ ንቀት ይራቀቅበታል፤ ጫማ መስፋት ግን የተናቀው ሰው ሥራ ስለ ሆነ፣ ልጁን በዚያ ሙያ ለማሠልጠን የሚፈቅድ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠርና በእስራት እንደሚቀጣ መደንገጋቸው፣ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጅ ግን ስድብን እንጂ ልማድን በአንድ ቀን አይሽርም።

ከዚህ አጠቃላይ ልማድ ተለይቶ እግሩን አስቀድሞ ያሰረው አዳኙ ነው። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ፣ የገዳው ሕግ በኦዳ ቢሲል ይደነገግ በነበረበት ዘመን፣ ጎሽ ወይም ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው የሚያገኘው ክብር በጦር ሜዳ ከሚገኘው የሚተናነስ አልነበረም፤ ፀጉሩ በቅቤ ይርሳል፣ ላባ ይሰካለታል፣ በሸንጎም ስሙ ይነሣል። ይህ አውሬ ደግሞ የሚገኘው በደጋው ሜዳ ላይ አይደለም። አዳኙ በጊቤና በዓባይ ተፋሰስ በኩል ወደ ቈላው ሲወርድ የሚያጋጥመው እሾኽና የሾለ ድንጋይ ስለ ሆነ፣ ድርብርብ የበሬ ቆዳ ቈርጦ፣ በሁለት ወይም በሦስት ጠፍር ከእግሩ ጋር ያስረዋል፤ አንዱ ጠፍር በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያልፋል፣ ሌላው ተረከዙን ዞሮ በቁርጭምጭሚቱ ፊት ይቋጠራል። አውሬውን ተከትሎ ሲሮጥ እንዳይወልቅ፣ ሲያደባም እንዳይንሻፈፍ፣ የጠፍሩን ልክ በጣቱ እየነካ ያስተካክለዋል። ይህን የአዳኝ ነጠላ ጫማ የዘመናዊው የአደን ቡት አባት ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ የሚለያዩት በሽፋናቸው እንጂ በማሰሪያቸው ሐሳብ አይደለም።

እግርን የሚሸፍነው ጫማ ወደ ሸዋ የመጣው ከባዕዳን ጋር ነው። ከእነርሱም አንዱ፣ በ1833 ዓ.ም ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ፣ አስቀድሞ በደቡብ አፍሪካ ባደረገው አደን የታወቀ ሰው ነበረ፤ በሸዋ ቆይታውም ከንጉሡ ጋር ወደ ምዕራብ ዘምቶ የእንጦጦንና የፊንፊኔን አካባቢ አይቷል። ከእርሱ በኋላ በ1871 ዓ.ም ወደ አንኮበር የመጣው የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግ ነው፤ ኋላ የባቡር ሐዲድና የውኃ ቧንቧ ያሰበው ይህ መሐንዲስ፣ በምኒልክ ፊት ችሎታው ከተፈተነባቸው ነገሮች አንዱ ጫማ መሥራት እንደ ነበረ ይተረካል። ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ግን ሠራ፤ ንጉሡም ተጫሙት። አንድ የአውሮፓ መሐንዲስ በተናቀው ሙያ ሲፈተንና በእርሱ ሲከበር ያየ የቤተ መንግሥት ሰው ምን እንዳሰበ ለመስማት እወድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ የጫማን ሥራ በስፋት ያቋቋሙት አርመኖች ናቸው፤ ዳርማር የተባለው የጫማ ፋብሪካ፣ ኋላ በመንግሥት ተወርሶ አንበሳ የተባለው፣ ከእነርሱ የተገኘ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በአርመን አገር አሬኒ በሚባል ዋሻ ውስጥ በ2000 ዓ.ም ገደማ ከአንድ ወጥ የከብት ቆዳ የተሠራ፣ ፊቱና ኋላው በጠፍር የተጠፈረ አንድ ጫማ ተገኝቶ፣ ሊቃውንት ዕድሜውን 5,500 ዓመት ያህል ገምተውታል። በዚያ ጥንታዊ ዘመን ሰው ቆዳውን እንደ እግሩ ለማድረግ የተጠቀመበት ዘዴ ማሰሪያው ነበረ ማለት ነው። አርመኖቹም ለአዲስ አበባና ለአዲስ ዓለም ሹማምንት ጫማ ሲሰፉ፣ ከሙያው የዓለም ታሪክ ረዥም ክር አንዱን ጫፍ ይዘው ነበረ።

አዲስ ዓለምን መጥቀሴ በከንቱ አይደለም። ምኒልክ በ1893 ዓ.ም ገደማ አዲሱን መዲናቸውን በዚያ ሊያቋቁሙ አስበው የማርያምን ደብር ካሠሩ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ እስከዚያ የተሠራው መንገድ በሀገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናውያን መንገዶች አንዱ ሆነ፤ የአርመኑ የሰርኪስ ተርዚያን ባቡር እየተባለ የሚጠራው የእንፋሎት መዳመጫም የዚያው ዘመን ትዝታ ነው። የተዳመጠ መንገድ ለጫማ በር ከፈተ፤ መረሬው የማይነጥቀው ጫማ በዚያ ላይ ሊሄድ ቻለ። መዲናው በባሕር ዛፍ ምክንያት በአዲስ አበባ ቢጸናም፣ መንገዱ ወደ ምዕራብ እየረዘመ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አምቦ ደረሰ፤ ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው ይህች ከተማም የፍልውሃዋ ዝና እየሰፋ ሲሄድ፣ ለጤናና ለዕረፍት የሚመጣ ባለጫማ ሰው በየመንገዷ ታየ።

የጦሩ ነገር ግን ሌላ ነው። ከ1922 ዓ.ም ጀምሮ በቤልጅግ መኰንኖች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ፣ በዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ላይ እንደሚታየው፣ ካኪ ልብሱን አሳምሮ ለብሶ፣ ቅልጥሙን በፋሻ ጠቅልሎ፣ እግሩ ግን ባዶ ሆኖ ሰልፍ ይቆማል። ፋሻው የተጠቀለለው በሚገርም ጥንቃቄ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ እስከ ጉልበት በእኩል ስፋት እየተደራረበ ይወጣል፤ ከእርሱ በታች ግን ምንም የለም። በ1927 ዓ.ም ደግሞ በሆለታ፣ በምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የስዊድን መኰንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ትምህርቱ ሳይጠነክር ግን ጠላት ኢጣሊያ ደረሰ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም በማይጨው የተሰለፈው ሠራዊት አብዛኛው በባዶ እግሩ ነበረ፤ ጠላት ከአየር ያረከፈከፈው የይፐሪት መርዝ በሣርና በቅጠል ላይ ተኝቶ ይጠብቅ ስለ ነበረ፣ ሰው የሚያቃጥለውን ነገር የረገጠው በገዛ ቆዳው ነው። ጫማ ቢኖር ጦርነቱ ይለወጥ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የመርዙን ግፍም አያቃልለውም። ነገር ግን የአንድ ልማድ ዋጋ እንደዚያ ቀን በአንድ ጊዜ ተሰልቶ አያውቅም።

በወረራው አምስት ዓመት በጅባትና በሜጫ ጫካ ለነበረው አርበኛ፣ ከጠመንጃውና ከጥይቱ ጋር የጠላት ጫማና ገምባሌም ምርኮ ሆነ። ከድል በኋላ ከስክስ የሚባለው ረዥም የጦር ጫማ የወታደር ሁሉ መለያ ሆኖ፣ በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም በአሜሪካ ጦር ትጥቅ የኮሪያን ተራሮች በረዶ ረግጧል። ሆለታም እንደገና ተከፍታ መኰንኖች ማውጣት ስትጀምር፣ ጫማን በሥርዐት ማሰር ከሰላምታ አሰጣጥ ጋር የሚጠና ነገር ሆነ። በ1939 ዓ.ም በአምቦ የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ከቦቲ ጫማ ጋር ተዋወቀ፤ በገበያው ደግሞ ከመኪና ጎማ የሚቈረጠው በረባሶ፣ ሸራ ጫማውና ኮንጎ የተባለው የፕላስቲክ ጫማ ተከታትለው ገቡ። እነዚህ ሁሉ የሰውን እግር ከመሬት አለያዩ፤ ከነርሱ አብዛኞቹ ግን ክር የላቸውም።

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ቁም ነገር ይመጣል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በባዶ እግር የሄደ ሰው የእግሩ ፊት ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ፤ ተረከዙ ግን ከፊቱ ጋር ሲመዛዘን ቀጭን ነው። በአውሮፓ ቅርጽ የተሰፋ ጫማ ደግሞ ፊቱ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጫማውን ሲያደርግ ፊቱ ያጣብቀውና ክሩን ከላይ እስከ ታች ያላላዋል፤ ሲያላላው ተረከዙ ከኋላ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይላጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ጫማ ሥቃይ ነው ብሎ በብብቱ ይይዘዋል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ገብቶ ያሸነፈው፣ እንደሚታወቀው፣ አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ገባ። እግሩ ያው የአበበ እግር ነበረ፤ ጫማው ግን በዚያኛው ጊዜ ገጠመለት።

የጫማ አስተሳሰር ጥበብ ይህን የፊት ስፋትና የተረከዝ ቅጥነት ማስታረቅ ነው። ልምድ ያለው አሮጌ ወታደር ከስክሱን ሲያስር ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ካልሲውን እጥፋት እንዳይኖረው ስቦ፣ እግሩን ካስገባ በኋላ ተረከዙን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል፤ ክሩን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። የጫማውን ምላስ በመካከል አስተካክሎ፣ ከጣቶቹ በላይ ያሉትን የታችኛዎቹን ቀዳዳዎች ጣቶቹ እንዲላወሱ ላላ ያደርጋቸዋል፤ ወደ እግሩ ጀርባ ሲወጣ እያጠበቀ ይሄዳል፤ እግሩ በሚታጠፍበት በቁርጭምጭሚቱ ፊት ሲደርስ፣ ሁለቱን ጫፎች አንድ ጊዜ በማቆላለፍ ፈንታ ሁለት ጊዜ አቆላልፎ ይስባቸዋል። በዚህ ድርብ ማቆላለፊያ ክሩ ራሱን ነክሶ ስለሚይዝ፣ የታችኛው ልቅነት ወደ ላይ፣ የላይኛውም ጥብቀት ወደ ታች አይወርድም። ከዚያ በላይ ያለውን እንደ መንገዱ ያደርገዋል። የእግሩ ጀርባ ላይ የሚያመው ቦታ ካለ፣ በዚያ ላይ ክሩን ሳያሻግር ቀጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ያሳልፈዋል፤ ሕመሙ ክር የሚተላለፍበት ቦታ ነበረና ወዲያው ይቀለዋል። የተረፈውን ጫፍ ቊጥቋጦ እንዳይዘው ወደ ውስጥ ይሸጉጠዋል፤ የቆዳ ክር ከሆነም ሞራ ያሸዋል፤ ምራን በሚያሽበት እጁ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በሜዳ ላይ ትርፍ ይመስላል። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ወደሚገኘው ወደ ወንጪ የሄደ ሰው ግን ጥቅሙን በአንድ ቀን ያየዋል። የእሳተ ገሞራው አፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ሐይቅ ከታች ይታያል፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ቁልቁለት ደግሞ ረዥም ነው። ቁልቁለቱን ሲጀምር መንገደኛው የቁርጭምጭሚቱን ክር ያጠብቅ፤ ካላጠበቀው እግሩ በየእርምጃው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶቹ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ፤ ማታ ጥፍሩ ጠቁሮ ያገኘዋል። ሲመለስ፣ ዳገቱን ሲይዝ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ክር ያላላ፤ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዲያጋድል ቦታ ይፈልጋልና። በግንጪ አጠገብ በጭሊሞ ደን፣ ወይም ዘርዐ ያዕቆብ ጥድ አስተከሉበት በሚባለው በመናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ድኩላና ጉሬዛ ለማየት የሚሄደውም እንደዚሁ ያድርግ። ወንጪ በ2014 ዓ.ም ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ከተመረጠች ወዲህ መንገደኛው በዝቷል፤ ውድ ጫማ አድርጎ በላላ ክር የሚያነክሰውም አብሮ በዝቷል።

ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ የመንገደኛው ጥፍር ብቻ አይደለም። በምዕራብ ሸዋ ደጋ፣ ከመረሬው ሌላ፣ ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሀገራችን ባደረገው ረዥም ምርምር እንዳስረዳው፣ የዚህ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ እየገባ በውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ሲያቆስል፣ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ይመጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም፤ በዘር ለእርሱ የሚጋለጥ ሰው ግን አለ። በዚያው በምዕራብ ሸዋ በሚገኘው በሚዳ ቀኝ ወረዳ የተደረገው ጥናት በሽታው በዚያ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ አሳይቷል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው በገበያም በጋብቻም የሚገለለው፣ ጫማ ሰፊው በተገለለበት ዐይነት ነው፤ መከላከያው ግን ያው የተገለለው ሰው የእጅ ሥራ ነበረ። ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ በሽታውን ከመጀመሪያው ይከላከላል።

ስለዚህ በየወረዳው ለተማሪ ጫማ የምትገዙ በጎ አድራጊዎች፣ የወላጅ ኮሚቴዎችና ነጋዴዎች ሆይ፣ ጫማውን ስትመርጡ ፊቱ ሰፊ የሆነውንና ክር ያለውን ምረጡ። ልጁን ጫማውን አሳቅፋችሁ አትስደዱት፤ በፊታችሁ ያስረው፣ ተረከዙን መሬት ላይ ይምታ፣ ጣቶቹ ይንቀሳቀሱለት እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይም ሁለት ጊዜ እንዲያቆላልፍ አሳዩት። ተረከዙ ካልተላጠ በማግሥቱም ያደርገዋል።